የፋብሪካ ስሕተት ወይስ በኋላ የደረሰ ጉዳት? ሳንቲምን እያነጻጸሩ የመለየት መመሪያ

ከዙሪያው ላይ የጨረቃ ግማጅ የመሰለ ቁራጭ የጎደለው ሳንቲም በእጁ የገባ ሰው ከሁለት ታሪኮች አንዱን መምረጥ አለበት። በአንደኛው ታሪክ ሳንቲሙ ጎደሎ ሆኖ ተመቶ፣ ከተቆጣጣሪ ዓይን አምልጦ ከፋብሪካው ወጥቷል፤ በሌላው ደግሞ ሙሉ ሆኖ ከወጣ በኋላ አንድ ሰው በመቀስ ወይም በሞረድ አጉድሎታል። የመጀመሪያው ሰብሳቢ የሚሻው የፋብሪካ ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ከላዩ ከተጻፈበት ዋጋ የሚያልፍ ነገር የለውም። ሁለቱ ከሩቅ መንትያ ይመስላሉ፤ በማጉያ መነጽር ሥር ግን የሚናገሩት የተለያየ ነው፣ ምን እንደሚጠየቁ ለሚያውቅ ሰው።

ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ይህ ምልክት ሳንቲሙ በሚሠራበት ሂደት ውስጥ በየትኛው ደረጃ ላይ ሊፈጠር ይችል ነበር? ለዚህ መልስ የሚሰጥ ደረጃ ከሌለ ምልክቱ ጉዳት ነው። ስለዚህ ሂደቱን ሳያውቁ ሳንቲም መመርመር በከንቱ መድከም ነው።

ሂደቱ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከማዕድን ጥቅል ላይ ክብ ዝርጎች በመብሻ ማሽን እየተበሱ ይወጣሉ፤ በምድጃ ሞቀው ይለሰልሳሉ፤ ከዚያም ዙሪያቸውን በሚጫን ማሽን ውስጥ ሲያልፉ ጠርዛቸው በጥቂቱ ከፍ ይላል፤ ይህም የሳንቲሙ ከንፈር ጅማሬ ይሆናል። በመጨረሻ እያንዳንዱ ዝርግ በሁለት ማኅተሞች መካከል ይቀመጣል፣ ዙሪያውንም የአረብ ብረት ቀለበት ይይዘዋል። ማኅተሞቹ በብዙ ቶን ኃይል ሲመቱት ማዕድኑ እንደ ሊጥ ይፈስና የማኅተሞቹን ሥዕል ይሞላል፤ ወደ ጎን ለመስፋት ሲሞክር ደግሞ ቀለበቱ ያግደዋል። እንግዲህ የሳንቲሙን ዲያሜትር የሚወስነው ቀለበቱ፣ ሥዕሉን የሚወስኑት ማኅተሞቹ፣ ክብደቱን የሚወስነው ዝርጉ ነው። ይህን የሥራ ክፍፍል መያዝ ይገባል፤ ከዚህ በታች የሚነሣው ክርክር ሁሉ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው።

ከዚህ ሁለት መዘዞች ይወጣሉ። አንደኛው፣ በማኅተሙ ላይ የጎደጎደው በሳንቲሙ ላይ ተነሥቶ ይወጣል፤ በማኅተሙ ላይ የተነሣው ደግሞ በሳንቲሙ ላይ ይጎደጉዳል። ሁለተኛው፣ ከተመታ በኋላ ቀዝቃዛ ሳንቲም ላይ የሚያርፍ መሣሪያ ማዕድኑን ገፍቶ ወደ አንድ ቦታ ማስቀመጥ አለበት፤ ስለዚህ ጉዳት በደረሰበት ጭረት አጠገብ የተገፋ ማዕድን እንደ ማረሻ ትልም አፈር ተቆልሎ ይገኛል። የፋብሪካ ስሕተት ይህ ቁልል የለውም፣ ማዕድኑ የፈሰሰው በአንድ ምት ከሌላው ሥዕል ጋር አብሮ ነውና።

ለምርመራው ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ እስከ 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን፣ ካሊፐር፣ ማግኔት፣ ከጎን አጋድሎ የሚበራ መብራት ይበቃሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ዓይነቱና ዓመተ ምሕረቱ ያው የሆነ ጤናማ ሳንቲም አጠገብ ማስቀመጥ ነው፤ ብዙ ሰው ስሕተት አገኘሁ ብሎ የሚደነግጠው ትክክለኛው ምን እንደሚመስል ልብ ብሎ ስላላየ ብቻ ነው። ሳንቲሙን ማጠብና ማሻሸት ግን ክልክል ይሁን፤ ፍቆ ማጥራት በራሱ ጉዳት ከመሆኑም በላይ ማስረጃውን ያጠፋል።

የጎደለ ጠርዝ

ወደ መጀመሪያው ሳንቲም እንመለስ። ጉድለቱ የፋብሪካ ከሆነ የመጣው ከመብሻ ማሽኑ ነው፤ ጥቅሉ በበቂ ሁኔታ ወደ ፊት ሳይገፋ መብሻው ቀድሞ በተበሳው ቀዳዳ ላይ ተደርቦ ሲወርድ ዝርጉ ከወዲሁ ተነክሶ ይወጣል። እንዲህ ያለው ዝርግ በኋላ ሲመታ ማዕድኑ ወደ ጎደለው ክፍል ይሳባል፤ ስለዚህ ከጉድለቱ አጠገብ ያሉ ፊደላት ወደ ክፍተቱ እየቀጠኑ፣ እየተሳቡና እየደበዘዙ ይታያሉ። በመቀስ የተቆረጠ ሳንቲም ፊደል ግን ሙሉ ጉልበቱን ይዞ እስከ መቁረጫው መስመር ድረስ ይሄድና በድንገት ይቆማል፣ በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ።

ሌላው ማስረጃ ከጉድለቱ ተቃራኒ በሆነው ጫፍ ላይ ይገኛል። ጠርዝ የሚያነሣው ማሽን ዝርጉን ከሁለት ወገን ይዞ ስለሚጫን፣ በአንዱ በኩል የሚጫነው ነገር ሲያጣ በትክክል በተቃራኒው በኩልም ግፊቱ ይላላል፤ በዚህም የተነሣ ከጉድለቱ ፊት ለፊት ያለው ከንፈር ደካማ ወይም ፈጽሞ የሌለ ይሆናል። ቆራጭ ሰው ይህን አያውቅም፤ ቢያውቅም አስመስሎ መሥራቱ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ምልክቱ በእያንዳንዱ እውነተኛ ጉድለት ላይ ይታያል ማለት አይደለም፤ መገኘቱ ጠንካራ ምስክር ሲሆን መታጣቱ ብቻውን ሳንቲሙን አያስኮንነውም። የተቆረጠውን ጎን በማጉያ ማየትም አይቀርም፦ ትይዩ የሞረድ መስመሮች ካሉ ነገሩ እዚያው አበቃ።

ድርብ ሆነው የሚታዩ ፊደላት

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም በዚህ ክፍል ላይ ረዘም አድርጌ ብቆይ ያለ ምክንያት አይደለም።

እውነተኛው ድርብ ማኅተም የሚፈጠረው ሳንቲሙ ሲመታ ሳይሆን ማኅተሙ ራሱ ሲቀረጽ ነው። ማኅተም ሥዕሉን የሚቀበለው ሥዕሉን በተነሣ መልክ ከተሸከመ ዋና ቅርጽ ጋር በኃይል ተጭኖ ነው። በቀድሞው አሠራር ሙሉ ሥዕሉ እስኪገባ ድረስ ከአንድ ጊዜ በላይ መጫን ያስፈልግ ስለነበር በመካከሉ ማኅተሙ ለማለስለስ ወደ ምድጃ ይመለስ ነበር፤ ዳግመኛ ሲጫን በጥቂቱ ዞሮ ከተቀመጠ ሁለተኛው ሥዕል ከመጀመሪያው ዝንፍ ብሎ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ያ ማኅተም የሚመታው ሳንቲም ሁሉ ያንኑ ድርብነት ይዞ ይወጣል። በዓለም የታወቀው ምሳሌ የ1955ቱ የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ነው፤ በፊቱ ላይ ዓመተ ምሕረቱና ጽሑፎቹ ያለ ማጉያ እንኳ ሁለት ሁለት ሆነው ይታያሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ማኅተምን በአንድ ጊዜ ጫና ወደ መቅረጽ ከተሸጋገሩ ወዲህ እንዲህ ያለ ሰፊ ዝንፈት ብርቅ ሆኗል፤ ትንንሾቹ ግን እስካሁን ይገኛሉ።

ከዚህ ጋር የሚምታታው የመንሸራተት ድርብነት ነው። ምቱ ካለቀ በኋላ በደንብ ያልጠበቀ ማኅተም ትንሽ ሲነጥር ወይም ሲንሸራተት አሁን የተሠራውን ፊደል ጎን ገጭቶ ወደ ታች ይጨፈልቀዋል። ይህም የሆነው በፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ሰብሳቢዎች ግን እንደ ስሕተት አይቆጥሩትም፣ በብዙ ሳንቲሞች ላይ የሚገኝ ተራ ነገር ነውና። መለያው ግልጽ ነው። ድርብ ማኅተም ለፊደሉ ይጨምርለታል፤ ፊደሉ ይሰፋል፣ ሁለተኛው ሥዕል እንደ መጀመሪያው ክብ ጀርባ ይኖረዋል፣ የፊደሉም ጫፎች ላይ ሁለቱን የሚለይ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ክፍተት ይታያል። መንሸራተት ግን ከፊደሉ ይቀንሳል፤ የቀረው አካል ከጤናማው ሳንቲም ፊደል ቀጭን ሲሆን፣ ድርብ የመሰለው ክፍል ዝቅ ያለና ጠፍጣፋ ደረጃ ነው፣ መብራቱን ሲያጋድሉት እንደ ተላጨ ቦታ ያብለጨልጫል።

ሦስተኛም አለ፦ ብዙ ሳንቲም መትቶ ያረጀ ማኅተም። በእርጅና የሚመጣው ድርብነት ጥርት ያለ ድንበር የለውም፤ ፊደሉ ዙሪያውን ያበጠና የተዘበራረቀ ይመስላል፣ ሜዳው ላይም፣ ማለትም ሥዕልና ፊደል በሌለበት ባዶ ገጽ ላይ፣ ወደ ከንፈሩ የሚሄዱ የፍሰት መስመሮች ይታያሉ። ይህም የሚፈለግ አይደለም።

ጥርጣሬ ሲበዛ አንድ መውጫ አለ። ድርብ ማኅተም በብዙ ሳንቲሞች ላይ ያለ ልዩነት ይደጋገማል፤ ስለዚህ የታወቁት ድርቦች ፎቶግራፋቸውና የዝንፈታቸው አቅጣጫ ተመዝግቧል። በእጃችን ያለው ሳንቲም ከተመዘገበው ጋር በአቅጣጫም በመጠንም የማይገጥም ከሆነ መንሸራተት ነው ብሎ መነሣት የሚያዋጣ ግምት ነው።

የተነሣ መስመርና የጎደጎደ መስመር

ማኅተም በብዙ ምት ሲደክም ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በማኅተሙ ላይ ጎድጓዳ ስለሆነ በሳንቲሙ ላይ እንደ ደም ሥር የተነሣ፣ ወጣ ገባ የሚል መስመር ሆኖ ይወጣል። ጭረት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ወደ ውስጥ የገባና ቀጥ ያለ ነው። ጥፍርን በቀስታ ማሳለፍ ሳያስፈልግ መብራቱን ከግራ ወደ ቀኝ ማዞር ብቻ ልዩነቱን ያሳያል፣ የተነሣው ጥላውን ከብርሃኑ ማዶ ስለሚጥል።

ስንጥቁ ሲብስና ከማኅተሙ ጠርዝ ላይ አንድ ቁራጭ ተገንጥሎ ሲወድቅ በዚያ ቦታ ላይ ማዕድኑን የሚጫነው ነገር አይኖርም። በሳንቲሙ ላይ ከንፈሩን ጨምሮ ሥዕል የሌለበት ያበጠ ጉብታ ይወጣል። እዚህ ላይ ወሳኙ ማስረጃ የሚገኘው በጉብታው ላይ ሳይሆን በጀርባው ነው፦ ማዕድኑ ወደ ጉብታው ስለሸሸ በትክክል ከኋላው ያለው የሌላኛው ፊት ሥዕል ደካማ መሆን አለበት። ጠብታ ቆርቆሮ በላዩ የፈሰሰበት ሳንቲም ጉብታ ይኖረዋል፣ ጀርባው ግን ሙሉ ነው፤ ክብደቱም ከሚገባው ይበልጣል።

ክር፣ ሽቦ ወይም ጨርቅ በማኅተሙና በዝርጉ መካከል ገብቶ ሲመታ በሳንቲሙ ላይ የጎደጎደ አሻራ ይተዋል። ይህ ከጭረት ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ልዩነቱ፣ የአሻራው ወለል ለስላሳ፣ ዳሮቹም የተድበለበሉ ሲሆኑ በዳርና በዳር የተቆለለ ማዕድን አይኖርም፤ የጭረት ወለል ግን መሣሪያው የሄደበትን አቅጣጫ የሚያሳዩ ቀጫጭን መስመሮች አሉት፣ መጨረሻው ላይም የተገፋው ማዕድን ተከማችቶ ይገኛል። የሳንቲም መጠቅለያ ማሽን የሚተወው ክብ ትልም ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ከንፈሩን ተከትሎ በተስተካከለ ክበብ የሚዞር የሚያብረቀርቅ ጭረት ካዩ ወደ ፊት መመርመር አያስፈልግም።

በቅባትና በአቧራ የተደፈነ ማኅተም ደግሞ ፊደል ይውጣል። እዚህ ላይ የጠፋው ፊደል ዳር ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ይሄዳል፣ የሜዳውም የመጀመሪያ አንጸባራቂነት ሳይቋረጥ በላዩ ያልፋል። የተፋቀ ፊደል ቦታ ግን ከአካባቢው ዝቅ ያለና የተቧጠጠ ነው።

የጠፋው ነገር ምስክር ሲተው

በ1937 በዴንቨር የተመታውና ጎሽ የተቀረጸበት የአሜሪካ አምስት ሳንቲም ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። አንድ ሠራተኛ በማኅተሙ ላይ የነበረውን ጠባሳ ለማጥፋት ሲሞርድ የጎሹን አንድ የፊት እግር አብሮ አጠፋው፤ ሳንቲሙም ባለ ሦስት እግር ጎሽ ተብሎ ታወቀ። ከጤናማ ሳንቲም ላይ እግሩን ፍቆ ሐሰተኛ መሥራት ለማንም ቀላል ነው። ነገር ግን በእውነተኛው ላይ ከጎሹ ሆድ ሥር ወደ መሬቱ የሚወርዱ የተነሡ ትንንሽ ነጥቦች አሉ፣ የኋላው እግርም ብል የበላው ይመስላል። ነጥቦቹ የተነሡ ናቸው፤ ፋቂ ደግሞ ከሳንቲም ላይ ይቀንሳል እንጂ የተነሣ ነገር ሊጨምር አይችልም። ሐሰተኛው ሁልጊዜ እግር አጥቶ፣ ነጥቦቹንም አጥቶ ይገኛል።

የእንግሊዙ 20 ፔንስ ነገር በሌላ መንገድ ይፈታል። በ2008 ሳንቲሙ አዲስ ንድፍ ሲያገኝ ዓመተ ምሕረቱ ከጀርባ ወደ ፊት ተዛወረ፤ አሮጌው የፊት ማኅተም ከአዲሱ የጀርባ ማኅተም ጋር በስሕተት ሲጣመር በሁለቱም ወገን ዓመተ ምሕረት የሌለው ሳንቲም ወጣ። ዓመተ ምሕረቱን የፋቀ ሰው የሚያገኘው የአዲሱ ንድፍ የጽሑፍ አደራደር ያለውና በአንድ ቦታ የተፋቀ ፊት ነው፤ እውነተኛው ግን የአሮጌው ንድፍ አደራደር አለው፣ ለዓመተ ምሕረት የተተወ ባዶ ቦታም የለውም።

በመስተዋት እንደታየ የተገለበጠ ምስል

በሳንቲሙ ላይ የተገለበጡ ፊደላት ሲታዩ ሦስት አማራጮች አሉ። የተመታ ሳንቲም በማኅተሙ ላይ ተጣብቆ ሲቀር ቀጥሎ የሚገባው ዝርግ በእርሱ ይመታል፤ በዚህ ጊዜ የአንዱ ወገን ሥዕል ሙሉ በሙሉ የጎደጎደና የተገለበጠ ሆኖ ይወጣል፣ ትክክለኛው ሥዕል ደግሞ በዚያ ወገን ፈጽሞ አይኖርም። ሁለቱ ማኅተሞች መካከላቸው ዝርግ ሳይገባ ሲጋጩ ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ የምስሉን ዳር ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ በሚመቱ ሳንቲሞች ሜዳ ላይ የሌላኛው ወገን ጥላ ይታያል። በፊቱ ሊንከን፣ በጀርባው የሊንከን መታሰቢያ ሕንፃ በተቀረጸበት የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ላይ የሕንፃው ዓምዶች በፊቱ በኩል እንደ እስር ቤት ፍርግርግ ቆመው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው የሞርሳ ሥራ ነው፤ ሁለት ሳንቲም አጣብቆ በሞርሳ ማጥበቅ ወይም በመዶሻ መምታት። የተገለበጠው ፊደል ከጤናማው ሥዕል በላይ ተደርቦ ይታያል፣ ከፍ ያሉት የሥዕሉ ክፍሎች ጠፍጥፈዋል፣ በጀርባው ደግሞ የሞርሳው ጥርስ ወይም የመዶሻው ጠፍጣፋ አሻራ አለ። ሁለት ሳንቲም በእውነት በማተሚያው ውስጥ ተደራርቦ ተመቶ ቢሆን ኖሮ በሌላኛው ወገን የማኅተም ሁለተኛ ምት መታየት ነበረበት። ያ ከሌለ ክርክር የለም።

ስፋትና ቅርጽ

ከዓመታት በፊት ከንፈሩ እንደ ጎማ የወፈረና ከሌሎቹ ያነሰ ሳንቲም አግኝቼ ለረጅም ጊዜ በልዩ ፖስታ አስቀምጬው ነበር። ጠባብ ቀለበት ውስጥ ተመቶ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ክብደቱን ሳልለካ መቆየቴ አሁን ያስቀኛል፤ ክብደቱ ልክ ነበር፣ ማለትም ዝርጉ ጤናማ ነበር፣ ዲያሜትሩ ብቻ ወደ ውስጥ ተመልሷል። ነገሩ በልብስ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ በክንፎቹና በግድግዳው መካከል ለወራት ሲንከባለል የቆየ ሳንቲም ነበር። በእንዲህ ያለው ሳንቲም ላይ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል፣ ለከንፈሩ የቀረቡት ፊደላትም በግማሽ ይዋጣሉ፤ መካከሉ ግን ብዙም ሳይነካ ይቀራል።

ያለ ቀለበት የተመታ ሳንቲም የዚህ ተቃራኒ ነው። የሚያግደው ስላጣ ይሰፋል፣ ይሳሳል፣ ከንፈርም አያወጣም፤ ፊደላቱ ግን ጥርት ብለው ወደ ውጭ የተሳቡ ናቸው። በመዶሻ ተቀጥቅጦ የሰፋ ሳንቲም ፊደላቱ ወፍራምና የደበዘዙ ናቸው። ከመካከል ዝንፍ ብሎ የተመታው ደግሞ ያልተመታው ክፍሉ የጥሬ ዝርግ ቆዳ ይዞ ስለሚቀር ለመለየት ቀላል ነው፤ ከሐሰተኛ ጋር እምብዛም አይምታታም።

ቀለምና ክብደት

እዚህ ሚዛን ይናገራል። በ1943 አሜሪካ መዳብን ለጦርነቱ ለመቆጠብ አንድ ሳንቲሟን ዚንክ በተቀባ አረብ ብረት ሠራች፤ ክብደቱ 2.7 ግራም ገደማ ነበር። በጣት የሚቆጠሩ ግን በመዳብ ዝርግ ላይ ተመተው ወጡ፤ እነዚህ 3.11 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። መዳብ የመሰለ 1943 ያገኘ ሰው መጀመሪያ ማግኔት ያስጠጋ፤ ከተሳበ በመዳብ የተለበጠ አረብ ብረት ነው። ካልተሳበ ደግሞ 3 ቁጥሩን ይመርምር፤ ብዙዎቹ ሐሰተኞች የ1948 ሳንቲም ተወስዶ 8ቱ በግራ በኩል ተፍቆ የተሠሩ ናቸው፣ የእውነተኛው 1943 ሦስት ቁጥር ግን ጭራው ከሌሎቹ ቁጥሮች መስመር በታች ረዝሞ ይወርዳል።

በ1982 ያው ሳንቲም በዓመቱ መካከል ከ3.11 ግራም ወደ 2.5 ግራም ወረደ፣ ከመዳብ ወደ መዳብ የተለበጠ ዚንክ። ስለዚህ የዚያ ዓመት ቀላል ሳንቲም ስሕተት አይደለም። በእነዚህ የዚንክ ሳንቲሞች ልባጥ ሥር የሚወጡ ጥቃቅን አረፋዎችም ከፋብሪካው የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን እጅግ የተለመዱ ስለሆኑ ዋጋ የላቸውም፣ እሳት የነካው ሳንቲምም ተመሳሳይ አረፋ ያወጣል።

አሲድ የበላው ሳንቲም ከቀጭን ዝርግ ጋር ሲምታታ ቀለበቱን ማስታወስ ይጠቅማል። በቀጭን ዝርግ የተመታ ሳንቲም ክብደቱ ቢቀንስም ዲያሜትሩ ሙሉ ነው፤ አሲድ ግን ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚበላ ዲያሜትሩም ይቀንሳል፣ ቆዳውም አሸዋማ ይሆናል። በአንድ ወገኑ ቀይ የሆነ የአሜሪካ ሩብ ዶላርም እንዲሁ ይመዘናል፦ ውጫዊው የኒኬልና የመዳብ ሽፋን በእርግጥ ከጎደለ ከ5.67 ግራም ጉልህ በሆነ መጠን ያንሳል፤ ክብደቱ ሙሉ ከሆነ በአፈር ውስጥ ቆይቶ የቀላ ሳንቲም ነው።

በሁለቱም ወገን ራስ ያለው ሳንቲም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የቶርኖ ሥራ ነው። አንዱ ሳንቲም ውስጡ ይቦረቦራል፣ ሌላው ተሞርዶ እንዲገባበት ይደረጋል። መጋጠሚያው በጎኑ ላይ ሳይሆን ከከንፈሩ ውስጠኛ ዳር ላይ ስለሚደበቅ በዚያ ዙሪያ ማጉያውን ቀስ ብሎ ማዞር ያስፈልጋል፤ ጠረጴዛ ላይ ሲጣልም ድምፁ የደነዘዘ ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ ውሳኔው ካልለየለት፣ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የመሳሰሉ የሳንቲም መርማሪ ድርጅቶች ስሕተትን ለይተው ያሽጋሉ፤ ክፍያውና መላኪያው ግን ከብዙ ትንንሽ ስሕተቶች ዋጋ ስለሚበልጥ መላክ የሚያዋጣው ለትልልቆቹ ብቻ ነው። እስከዚያው ሳንቲሙ ፒቪሲ በሌለበት ማስቀመጫ ውስጥ ይቆይ፣ ያ ፕላስቲክ በጊዜ ብዛት አረንጓዴ ቅሪት ስለሚተው፤ ክብደቱ፣ ዲያሜትሩና የሁለቱም ወገን እንዲሁም የጎኑ ፎቶግራፍ አብረው ይቀመጡ። ብዙ ሰው ጎኑን ፎቶ ማንሣት ይረሳል፤ ልምድ ያለው ሰው ግን ቀድሞ የሚጠይቀው እርሱን ነው።